የጽሑፍ ፈተና አልፋለሁ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን እጠፋለሁ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ መጥቻለሁ። አሁን አያት አካባቢ አክስቴ ጋ ሆኜ ሥራ እፈልጋለሁ። እስካሁን ሁለት ባንክና አንድ አስመጪ ድርጅት ተወዳድሬ የጽሑፍ ፈተናውን ሦስቱም ጋ አልፌያለሁ። የሚጥለኝ ቃለ መጠይቁ ነው። እንደገባሁ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ ድምፄ አይወጣም። ባለፈው ‹ስለራስሽ ንገሪን› ሲሉኝ ስሜን፣ የትውልድ ቦታዬንና የተመረቅሁበትን ተናግሬ ዝም አልኩ። ‹ሌላስ?› አሉኝ። ‹ሌላ የለኝም› ብዬ ወጣሁ።

አክስቴ ‹አንገትሽን ደፋ አድርጊ፣ ትሑት ሰው ይወደዳል› ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ዘመኑ የደፋር ነው፣ እኔ አንደኛ ነኝ በያቸው› ትላለች። ግራ ገባኝ። የሥራ ልምድ የለኝም። ተማሪ እያለሁ የአጎቴን ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሂሳብ እይዝ ነበር፤ የተዘበራረቀውን የዱቤ ደብተር ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ። ግን ይሄ ሥራ አይባልም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ አንድ የግል ባንክ ለጀማሪ ሠራተኛነት ጠርቶኛል። ምን ልልበስ? እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ምን ላድርግ? ባለትዳር ነሽ ወይ ቢሉኝስ? ደመወዝ ስንት ልበል? ካላለፍኩስ ደውዬ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር ነው? ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በሰው ኃይል ሥራ ላይ ብዙ ስለቆየሁ እንዳንቺ ያሉ ልጆች ፊቴ ተቀምጠው አይቻለሁ። ጎበዝ ልጅ አንድም ነገር ሳይናገር ተነስቶ ሲወጣ ማየት ያንገበግባል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍልሽ አትሰልቺ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በይ። ሦስት ጊዜ የጽሑፍ ፈተና አልፈሻል። አንድ ባንክ የጀማሪ ሠራተኛ ማስታወቂያ ሲያወጣ ስንት ሰው እንደሚመዘገብ አይተሽዋል። የፈተና አዳራሹ ውስጥ መቀመጫ እስኪጠፋ ነው። ያ ፈተና አብዛኛውን ሰው ያስቀራል። ኮሚቴው ፊት የሚቀርቡት ሁሉ ዴቢትና ክሬዲት ያውቃሉ። የጠሩሽ እውቀትሽን እንደገና ሊለኩ አይደለም። በልባቸው የሚጠይቁት ሌላ ነው። ይቺን ልጅ መስኮት ላይ ብናስቀምጣት ደንበኛ እንዴት ታስተናግዳለች? ገንዘብ ቢጎድልባት ትናገራለች ወይስ ትደብቃለች? ከሌላው ሠራተኛ ጋር ትግባባለች?

ለዚህ ሁሉ መልስ የሚያገኙት አንቺ ስትናገሪ ነው። ዝም ካልሽ «ትሑት ናት» አይሉሽም። «ምንም የላትም» ብለው ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ።

አክስትሽም ጓደኛሽም ክፉ አልመከሩሽም። አክስትሽ የምትልሽ አክብሮት ነው። እሱ በአገባብ፣ በሰላምታ፣ በአቀማመጥ ይታያል፤ ያንን ያዢ። ጓደኛሽ የምትልሽ ተናገሪ ነው፤ ይሄም ልክ ነው። «እኔ አንደኛ ነኝ» የሚለው ግን ይቅር። ማስረጃ የሌለው ቃል ነው፣ ከአንቺ በፊት የገቡትም ብለውታል። ራስን ማወደስና የሠሩትን መናገር ለየቅል ናቸው። «ታታሪ ሠራተኛ ነኝ» ውዳሴ ነው። «የዱቤ ደብተሩን እንዲህ አድርጌ አስተካከልኩት» ግን ምስክርነት ነው። ምስክር ያየውን ይናገራል፣ ማንም ጉረኛ አይለውም። አንቺም የሠራሽውን ብቻ ተናገሪ፤ ማመስገኑን ለእነሱ ተዪላቸው።

አሁን ወደዚያ ክፍል እንግባ። በሩን አንኳኪና «እንደምን አደራችሁ» ብለሽ ግቢ። ጎንበስ ብለሽ ሰላምታ መስጠት ከልጅነትሽ የምታውቂው ነው፤ እዚህም ያምርብሻል። እጅ ለመጨበጥ ግን አንቺ አትቅደሚ፤ እነሱ ከዘረጉ ጨብጪ። ተቀመጪ እስኪሉሽ ቁሚ። ከረሱት «መቀመጥ እችላለሁ?» በይ። ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አትያዥው፤ እጅሽ ማሰሪያውን መጎተት ይጀምራል። ወለሉ ላይ ወይም ወንበሩ አጠገብ አስቀምጪው። ሰነድሽን የያዘው አቃፊ ብቻ ፊትሽ ይሁን።

ዓይን ላይ ብዙ ልጆች ይቸገራሉ። ያደግነው ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት እያየን ነው። ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ነው ተብለናል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን መሬት መሬት የሚያይ ሰው የሚደብቀው ያለ ይመስላል። የጠየቀሽን ሰው እያየሽ መልሺ። ዓይን ዓይኑን ማየት ከከበደሽ ግንባሩን እዪ፤ ልዩነቱን አያውቀውም። ሦስት አራት ሰዎች ካሉ መልስሽን ስትጨርሺ ሌሎቹንም አንዴ ቃኘት አድርጊ።

ድምፅ ደግሞ ከዓይን ይብሳል። ጠረጴዛው ሰፊ ነው፣ በመስኮቱ የመኪና ጡሩምባ ይገባል። ድምፅሽ መጀመሪያ ላይ ተሰምቶ መጨረሻ ላይ የሚሟሽሽ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ችግር አለ። እኛ ስንናገር ዋናው ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «የሱቁን ሂሳብ ለብቻዬ…» ብለሽ ድምፅሽ ከጠፋ፣ ይዣለሁ ይሁን አልያዝኩም አልሰሙሽም። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቃል ከፍ አድርጊያት። ለጉሮሮሽ መድረቅ ከመግባትሽ በፊት ትንሽ ውኃ ጎንጨት በይ፤ የመጀመሪያውን መልስ ከመጀመርሽ በፊትም አንዴ በደንብ ተንፍሺ። ያቺን ትንሽ ዝምታ ማንም አይታዘብብሽም።

«ስለራስሽ ንገሪን» ላይ እንቆይ፤ የወደቅሽው እዚያ ነው። ስምሽ፣ የትውልድ ቦታሽና ዩኒቨርሲቲሽ ሲቪሽ ላይ ተጽፏል። ሲቪሽ ደግሞ እጃቸው ላይ ነው። የሚፈልጉት እዚያ ወረቀት ላይ የሌለውን ነው። አንቺ ዘንድ ደግሞ አለ። «ሥራ አይባልም» ያልሽው የሱቅ ሂሳብ ሥራ ነው! ባንክ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ማታ መስኮቱን ሲዘጋ የሚያደርገው፣ እጁ ላይ ያለውን ብር ከቀኑ መዝገብ ጋር ማመሳከር ነው። አንቺ ይሄን በአጎትሽ ሱቅ ሠርተሽዋል። ከመደርደሪያ ጀርባ ቆመሽ ዱቤ የዘገየበትን ሰው ሳታስቀይሚ አስከፍለሽ ከሆነ፣ የደንበኛ አያያዝንም ታውቂያለሽ።

እንግዲህ እንዲህ ብትያቸውስ፦

«ያደግኩት ደሴ ነው፤ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ተማሪ እያለሁ የቤተሰብ ሱቅ ሂሳብ እይዝ ነበር። ስጀምር ዱቤው ሁሉ በአንድ ደብተር ተደባልቆ ይጻፍ ነበር። ማን ስንት እንዳለበት ለማወቅ ገጽ ማገላበጥ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ገጽ ከፈትኩለት። ሲከፍል ቀኑንና ቀሪውን ጽፌ እዚያው አስፈርመው ጀመር። ማታ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ብር ከቀኑ ሽያጭ ጋር አመሳክራለሁ። ከጎደለ በዚያው ምሽት ለአጎቴ እነግረዋለሁ። ባንክ መሥራት የፈለግኩት ገንዘብ ቆጥሮ ማስረከብንም ከሰው ጋር መነጋገርንም ስለምወድ ነው።»

ጮክ ብለሽ ስታነቢው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ አይርዘም። እኔ ከደብዳቤሽ ተነስቼ የገመትኩት ዝርዝር አለበት። ያላደረግሽውን አውጪው፣ በቦታው ያደረግሽውን ተኪ። በቃልሽ ሸምድደሽ እንደ ግጥም እንዳታነበንቢው ደግሞ አደራ። ነገሩን እንጂ ቃሉን አትያዢ። እንዲህ ብለሽ ስትጨርሺ «ሌላስ?» አይሉሽም። «ደንበኛው አልፈርምም ቢልሽስ?» ይሉሻል። ያኔ ጨዋታው ተጀመረ ማለት ነው። ስላደረግሽው ነገር ሲጠይቁሽ ደግሞ መልስ አታጪም።

አንድ ልማዳችን እዚህ ይጎዳል። ለብቻችን የሠራነውን «እንዲህ አደረግን» እንላለን፣ «እኔ» ማለት ጉራ ይመስለናል። ኮሚቴው ግን የአንቺ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ይጠፋበታል። ለብቻሽ የሠራሽውን «እኔ» በይ። ከቡድን ጋር የሠራሽው የመመረቂያ ጽሑፍ ካለ «አራት ነበርን፣ የእኔ ድርሻ መረጃውን መሰብሰብ ነበር» በይ።

«ድክመትሽ ምንድን ነው?» ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። «ሥራ በጣም መውደዴ» የሚለውን መልስ ሰልችተውታል። እውነቱን ተናገሪ፣ ግን ምን እያደረግሽበት እንደሆነ ጨምሪበት። «ብዙ ሰው ፊት ስናገር እፈራ ነበር፤ አሁን ቤት ውስጥ ድምፄን እየቀዳሁ እየተለማመድኩ ነው» ብትይ ምንም ነውር የለውም። ፍርሃትሽን አስቀድመሽ ስለነገርሻቸውም ራስሽ ቀለል ይልሻል።

ከባንክ ጥያቄዎች ሁለቱ አይቀሩም፤ የተቆጣ ደንበኛና የጎደለ ብር። ለደንበኛው፣ መጀመሪያ እስኪጨርስ መስማት፣ ድምፅን አለመጨመር፣ ከአቅም በላይ ከሆነ ለሱፐርቫይዘር ማቅረብ ነው። ለጎደለው ብር ግን መልስሽ አንድ ብቻ ይሁን፤ እንደገና እቆጥራለሁ፣ ደረሰኞቹን አመሳክራለሁ፣ በዚያው ቀን አሳውቃለሁ። «ከኪሴ ሞልቼ ዝም እላለሁ» ያለ ተወዳዳሪ ደግ የሆነ ይመስለዋል። ባንክ ውስጥ ግን ጉድለትን የመደበቅ መጀመሪያው እሱ ነው። የማታውቂውን ሲጠይቁሽም «ይህን አላውቀውም» ማለት ከመቀባጠር መቶ እጅ ይሻላል።

እንግሊዝኛን በተመለከተ ብዙ ባንኮች ጋ ቃለ መጠይቁ ይቀላቀላል። በእንግሊዝኛ ጀምረው ወደ አማርኛ ይዞራሉ፣ ወይም አንዱ አባል ብቻ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። በሁለት ሳምንት ቋንቋ አይማሩም፤ አንድ ደቂቃ ግን ይለመዳል። ከላይ የጻፍኩልሽን መልስ በራስሽ እንግሊዝኛ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር አዘጋጂው። ትልልቅ ቃል አትፈልጊ። በየቀኑ ጮክ ብለሽ በይው። መሐል ላይ ከተያዝሽ «ይቅርታ፣ ይህን በአማርኛ ባብራራው ይፈቀድልኛል?» በይ። አብዛኛው ኮሚቴ ይፈቅዳል፣ ባይፈቅድም የጠየቅሽበትን መንገድ ያከብራል። የሚጥልሽ የተሰበረ እንግሊዝኛ ሳይሆን ተይዞ ዝም ማለት ነው።

«ለምን የእኛን ባንክ መረጥሽ?» ለሚለው ጥያቄ ተዘጋጂ። «ታዋቂ ስለሆነ» ካልሽ ከሌላው ባንክ አልለየሽውም። ድረ ገጹ ላይ ዓመታዊ ሪፖርቱን ፈልጊ፤ መቼ ተቋቋመ፣ ስንት ቅርንጫፍ አለው፣ ባለፈው ዓመት ምን ላይ አተኮረ የሚለውን ያዢ። ከዚያ በእግርሽ ሂጂ። አያት አካባቢ ያለ ቅርንጫፋቸው ገብተሽ ስለ ቁጠባ ሂሳብ ጠይቂ። ወረፋው እንዴት ነው? አረጋዊ ሰው ሲመጣ ማን ይረዳዋል? የሞባይል መተግበሪያቸውን ለደንበኛ የሚያስረዳ ሰው አለ? «ባለፈው ሳምንት ቅርንጫፋችሁ ገብቼ ይህን አየሁ» የምትል ተወዳዳሪ ብዙም አትገኝም።

ስለ ዘርፉም ጥቂት ነገር እወቂ፤ የቅርብ ጊዜ ለውጦችን መጠየቅ ይወዳሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አድርጓል። ታኅሣሥ 2017 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ የውጭ ባንኮች አገር ውስጥ እንዲሠሩ በር ከፍቷል። በጥር 2017 እንደ አክሲዮን ያሉ ሰነዶች የሚገዙበትና የሚሸጡበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ገንዘብ ለመላክ ቅርንጫፍ የሚሄደው ሰው ልማድ ተለውጧል። የፋይዳ መታወቂያም ከባንክ ሂሳብ ጋር እየተሳሰረ ነው። ቀኑን መሸምደድ አይጠበቅብሽም። እያንዳንዱ ለውጥ መስኮት ላይ ለምትቀመጠው ሠራተኛ ምን እንደሚለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ በቂ ነው። ለምሳሌ የውጭ ባንክ ሲመጣ ደንበኛ አማራጭ ያገኛል፣ ስለዚህ መስተንግዶ ከበፊቱ ይበልጥ ዋጋ አለው ማለት ትችያለሽ።

ልብስ ላይ ብዙ አልቆይም። ንጹሕና የተተኮሰ ይሁን፤ አዲስ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሸሚዝ፣ ጠቆር ያለ ሱሪ ወይም ከጉልበት የሚያልፍ ቀሚስ፣ የማይጠብሽ ጫማ። ከተዋስሽ ቀድመሽ ቤት ውስጥ ለብሰሽ ተቀመጪበት፤ ስትቀመጪ የሚያጣብቅ ጃኬት ሐሳብሽን ይበትነዋል። ሽቶ ለስለስ ይበል። ካውያውን ለሐሙስ ጠዋት አታቆይው። ማክሰኞ ተኩሰሽ ስቀዪው፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም።

ሰዓቱን ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ከመጣና «9:00 ኤኤም» ካለ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ የመጣ ተወዳዳሪ አለ። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ በእኛ ስንት ቀን እንደሆነ አረጋግጪ። ካልገባሽ ደውለሽ «በሀገራችን ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤቶች በብዛት ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ አካባቢ ናቸው። ያንቺም እዚያ ከሆነ ቀላል ባቡሩ ከአያት ተነስቶ በስታዲየም አድርጎ ሜክሲኮ ያደርስሻል። ጠዋት ግን ወረፋውም ግፊያውም ከባድ ነው። ከዚያ በፊት ባለ አንድ የሥራ ቀን በዚያው ሰዓት ሄደሽ ሞክሪው። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ መታወቂያ ያስይዛሉ። ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። ዝናብ ከሆነ ጫማሽን የምትጠርጊበት ጨርቅ ያዢ።

ለዘበኛውም ለጸሐፊዋም ሰላምታ ስጪ። ኮሚቴው አይሰማም አትበይ፤ አንዳንዴ እንደውም ይጠይቋቸዋል። ስልክሽን ሙሉ በሙሉ አጥፊው። ንዝረት ጠረጴዛ ላይ ከጥሪ ድምፅ ይብሳል። ሰነዶችሽን በቅደም ተከተል አስቀምጪ፤ ዲግሪው ወይም ቴምፖራሪው (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀቱ)፣ ስቱደንት ኮፒው (የትምህርት ውጤት ዝርዝሩ)፣ የመውጫ ፈተና ውጤቱ፣ መታወቂያው። ከሲቪሽ ሦስት አራት ኮፒ ያዢ። «ኦሪጅናሉን እስኪ» ሲሉሽ ሳትፈልጊ አውጥተሽ መስጠትሽ ስለ ሥራ አያያዝሽ ብዙ ይናገራል።

ስለ ትዳር ስለጠየቅሽኝ በደንብ ልንገርሽ። ጥያቄው አግባብ አይደለም፤ ግን ይጠየቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን በፆታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት ማበላለጥን ይከለክላል። ለነፍሰ ጡር ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ስለዚህ ማግባትሽም መውለድሽም ጥፋት አይደለም፤ በሕግ የታሰበበት ነገር ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ስለ አዋጁ ክርክር መክፈት አይጠቅምሽም። መመለስ ከፈለግሽ «አላገባሁም» ወይም «አግብቻለሁ» በይና ወዲያው «ሥራዬን በሰዓቱ ለመሥራት የሚያግደኝ ነገር የለም» ብለሽ ዝጊው። የግል ጉዳይሽን ካልፈለግሽ ሁለተኛውን ብቻ በፈገግታ ተናገሪ። «የየት ሀገር ልጅ ነሽ?» የሚለው ብዙ ጊዜ ጨዋታ ማስጀመሪያ ነው፤ «የደሴ» ብሎ መመለስ በቂ ነው። ከዚያ ወደ ብሔርና ሃይማኖት ከገፉበት ግን «ከሥራው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ቢያብራሩልኝ» ብለሽ በጨዋነት መልሺው።

ሌላም አለ፣ እባክሽ አትለፊው። ከቃለ መጠይቁ በፊት ወይም በኋላ ስልክ ደውሎ «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ይህን ያህል ብር ላኪ» የሚል ካለ አጭበርባሪ ነው። «ለቀሪው ውይይት ማታ ሆቴል እንገናኝ» የሚል ካለ ደግሞ አትሂጂ። ማንም ይሁን፣ ምንም ያህል ትልቅ ቦታ ይኑረው፣ አትሂጂ። ሥራ የሚሰጠው ቢሮ ውስጥ በሥራ ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከመጣብሽ ለአክስትሽ በዚያው ቀን ንገሪያት። አታፍሪ፤ ማፈር ያለበት የጠየቀው ነው።

ደመወዝን በተመለከተ ባንኮች የደመወዝ ስኬል አላቸው፤ ጀማሪ ሠራተኛ ብዙም አይደራደርም። «የባንኩን ስኬል እቀበላለሁ፤ ለዚህ መደብ ስንት እንደሆነ ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል» ማለት ትችያለሽ። ቁጥር ጥሪ ካሉሽ ግን እዚያው የሚሠራ ወይም በሌላ ባንክ ያለ የምታውቂውን ሰው ቀድመሽ ጠይቀሽ፣ የሰማሽውን አካባቢ ተናገሪ። «ያገኘሁት ይሁን» አትበይ። የሚነግሩሽ ያልተጣራውን ወይስ እጅሽ ላይ የሚደርሰውን እንደሆነ ጠይቂ። የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከላዩ ይቆረጣል።

ከደመወዙ በላይ አስቀድመሽ ልታስቢበት የሚገባ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው «ክፍለ ሀገር ብንመድብሽ ትሄጃለሽ?» የሚለው ነው። ይህን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ማሰብ አትጀምሪ። ከቤተሰብሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሪና የምትችይውን ወስኚ። የማትሄጅ ከሆነ እሄዳለሁ ብለሽ አትዋሺ፤ ደብዳቤው ሲወጣ ችግር ነው። ሁለተኛው ዋስ ነው። ገንዘብ ለሚነካ መደብ ደመወዝተኛ ዋስ ማቅረብ ይጠበቅብሻል። ማን እንደሚፈርምልሽ ከወዲሁ ጠይቂና ፈቃዱን ያዢ።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ይሉሻል። «የለኝም» ብለሽ አትነሺ። ለጀማሪ ሠራተኛ ሥልጠናው ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ የሙከራ ጊዜው እንዴት እንደሚገመገም ጠይቂ። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ እንደሌለበት አንቺም እወቂው። ከዚያ አመስግነሽ ውጪ።

እስከዚያ ድረስ ያሉትን ሁለት ሳምንታት እንዲህ ተጠቀሚባቸው። ማታ ከእራት በኋላ አክስትሽና ጓደኛሽ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ አንቺ ከሳሎኑ ውጪ ቆመሽ አንኳኪ። ግቢ፣ ሰላም በይ፣ ይጠይቁሽ። አክስትሽ ጥብቅ ዳኛ እንደምትሆን አልጠራጠርም። መልስሽን በስልክሽ ቅጂና አዳምጪው። የመጨረሻዋ ቃል ትሰማለች? ሦስት ጊዜ «እእእ» ብለሻል? መጀመሪያ ስትሰሚው ያስጠላሻል፣ ሁሉም ሰው የራሱ ድምፅ ያስጠላዋል። በሦስተኛው ቀን ለውጡን ራስሽ ትሰሚዋለሽ። በዚያውም አክስትሽ አንቺ ሱቅ ውስጥ ምን ትሠሪ እንደነበር ምናልባት መጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ትሰማለች።

ካላለፍሽ ደውሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ግን ውጤት ይለጠፋል ካሉበት ቀን በፊት አትደውይ፣ በየቀኑም አትደውይ። ከተለጠፈ በኋላ አንድ ጊዜ፣ በሥራ ሰዓት፣ የሰው ኃይል ክፍሉን አግኚ። «ለምን ጣላችሁኝ?» አትበይ። «ለሚቀጥለው ራሴን ለማሻሻል በየትኛው በኩል እንደጎደልኩ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ» በይ። አንዳንዱ «በውጤት ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ። አንዳንዱ ግን ፋይልሽን አውጥቶ ያነብልሻል። የሚልሽን እዚያው ጻፊው። በተጠባባቂነት ተይዘሽ እንደሆነም ጠይቂ፤ አንደኛ የወጣው ልጅ ሌላ ቦታ አግኝቶ ሲቀር ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ተጠባባቂውን ነው። ስለዚህ ሲቪሽ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የሚሠራ ይሁን።